6-5 ማለት ምን ማለት ነው? የእንግሊዙ ኮምባይንድ ሳይንስ ለወላጆች ሲብራራ

በእንግሊዝ የሚማሩ የ16 ዓመት ልጆች ጂሲኤስኢ የተባለውን፣ በዚህ ዕድሜ በየትምህርቱ የሚሰጠውን ፈተና ውጤታቸውን የሚቀበሉት በነሐሴ አጋማሽ፣ ፍልሰታ በሚፈታበት ሰሞን፣ በአንድ ሐሙስ ጠዋት ነው። ሌሎቹ ትምህርቶች አንድ አንድ ቁጥር ይዘው ይመጣሉ፤ ሒሳብ 6፣ ታሪክ 5፣ እንግሊዝኛ 5። ኮምባይንድ ሳይንስ ከሚለው ስም ትይዩ ግን 6-5 ተብሎ ሁለት ቁጥር ተጽፎ ይገኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ የሳይንስ ትምህርት የማስጠናው ልጅ አባት ይህንኑ ወረቀት ይዘው መጥተው፣ «6ቱ ባዮሎጂ፣ 5ቱ ኬሚስትሪ ነው እንበል፤ ታዲያ ፊዚክሱን የት ጣሉት?» ብለው ጠየቁኝ። ወረቀቱ ላይ ይህን የሚያብራራ አንድም ቃል ስለሌለ ጥያቄው የእርሳቸው ብቻ አይደለም።

ከዚያ ወረቀት ላይ የባዮሎጂን፣ የኬሚስትሪን ወይም የፊዚክስን ውጤት ነጥሎ ማውጣት አይቻልም። ኮምባይንድ ሳይንስ ሦስቱንም ሳይንሶች አንድ ላይ ይዞ የሚፈተን፣ ዋጋው ግን እንደ ሁለት ጂሲኤስኢ የሚቆጠር ትምህርት ነው። ሁለት ቁጥር የሚሰጠው የሁለት ትምህርት ዋጋ ስላለው ብቻ ነው እንጂ የሁለት የተለያዩ ትምህርቶችን ውጤት ለማሳየት አይደለም። ስለዚህ ቁጥሮቹ ወይ እኩል ናቸው፣ ወይ በአንድ ብቻ ይለያያሉ፣ ትልቁም ምንጊዜም ይቀድማል። 6-6፣ 6-5 እና 5-5 የሚባሉ ውጤቶች አሉ፤ 7-4 ወይም 5-6 የሚባል ውጤት ግን የለም። ከላይኛው 9-9 እስከ ታችኛው 1-1 ድረስ በጠቅላላው 17 ደረጃዎች ሲኖሩ፣ 6-5 በ6-6 እና በ5-5 መካከል ያለው ነው፤ አምስት ተኩል እንደ ማለት ይቆጠራል።

ስሙም የራሱን ጣጣ አምጥቷል። ኢትዮጵያ ውስጥ በእኛ አቆጣጠር ከ1980ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ የተማረ ሰው ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል አካባቢ ሳይንስ፣ በ5ኛና በ6ኛ ክፍል ኢንቲግሬትድ ሳይንስ ተምሮ፣ 7ኛ ክፍል ሲገባ ነው ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ የሚባሉ ሦስት መጻሕፍት የተቀበለው። ለእኛ የተዋሐደ ሳይንስ የሕፃናት፣ የተለየ ሳይንስ የትልልቆች ነው። በዚያ ላይ 11ኛ ክፍል ሲደረስ ናቹራል እና ሶሻል ተብሎ መለየቱ፣ ናቹራል የገባውም የጎበዝ ልጅ ስም ማግኘቱ አለ። እንዲህ ሆኖ ያደገ ወላጅ የ14 ዓመት ልጁ «ኮምባይንድ ነኝ» ሲለው፣ ልጁ ወደ 6ኛ ክፍል የወረደ ወይም ከጎበዞቹ ተራ የወጣ ቢመስለው አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ በእንግሊዝ አብዛኞቹ ተማሪዎች የሚወስዱት ይህንኑ ኮምባይንድ ሳይንስ ነው፤ ሦስቱን ለየብቻ የሚወስዱት፣ ማለትም ትሪፕል ሳይንስ የሚባለውን የሚማሩት፣ ቁጥራቸው ያነሰ ነው።

እንግሊዞች ሳይንሶቹን ለማዋሐድ የተነሡበት ምክንያት ትምህርቱን ለማቅለል አልነበረም። ከጂሲኤስኢ በፊት ኦ-ሌቭል የሚባለው ፈተና በነበረበት ዘመን ተማሪው 14 ዓመት ገደማ ሲሞላው ከሳይንሶች የሚፈልገውን ይዞ የማይፈልገውን መተው ይችል ነበር፤ በዚህም የተነሣ ብዙ ሴት ልጆች ፊዚክስን፣ ብዙ ወንዶች ደግሞ ባዮሎጂን ገና በልጅነታቸው ይሰናበቱ ነበር። በፈረንጆቹ 1988 የመጀመሪያዎቹ የጂሲኤስኢ ፈተናዎች ተሰጡ፤ በዚያው ዓመት የወጣው የትምህርት ማሻሻያ ሕግም ብሔራዊ ሥርዓተ ትምህርት አቋቁሞ ሳይንስን እስከ 16 ዓመት ድረስ ለሁሉም ግዴታ አደረገ። ሦስት ሙሉ ትምህርት ለሁሉም ተማሪ ይሰጥ ቢባል ለቋንቋ፣ ለታሪክና ለሥነ ጥበብ የሚተርፍ ሰዓት ስለማይኖር፣ ሦስቱንም ሳይንሶች በሁለት ትምህርት ሰዓት ማስተማር እንደ መፍትሔ ተወሰደ። በመካከሉ ስሙም አደረጃጀቱም ተለዋውጧል፤ አሁን ያለው ቅርጽ ማስተማር የተጀመረው በፈረንጆቹ 2016፣ የመጀመሪያው ፈተና የተሰጠው ደግሞ በ2018 በሜይና በጁን ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው ሁሉ እንግሊዝን ብቻ የሚመለከት ነው፤ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ የየራሳቸው አሠራር አላቸው፣ ስኮትላንድ ውስጥ ደግሞ ጂሲኤስኢ ጨርሶ የለም።

ፈተናውን የሚያዘጋጁት ድርጅቶች ከአንድ በላይ ናቸው፤ የየትኛውን ፈተና እንደሚያስፈትን የሚመርጠው ትምህርት ቤቱ ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶች የሚጠቀሙበት ኤኪውኤ የተባለው ድርጅት ትሪሎጂ የሚል ስም ያለው ፈተና ሲኖረው፣ ተማሪው ስድስት ወረቀት ይፈተናል፤ ሁለት የባዮሎጂ፣ ሁለት የኬሚስትሪ፣ ሁለት የፊዚክስ። እያንዳንዱ ወረቀት 1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ይፈጃል፣ ከ70 ይታረማል። ኤዴክሴል የተባለው ደግሞ ስድስት ወረቀት እያንዳንዱን በ1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ፣ ከ60 ያርማል። ለወላጅ የሚጠቅመው ልጁ የሚፈተነው የየትኛውን ድርጅት ፈተና እንደሆነ ማወቁ ነው፤ ምክንያቱም የድሮ ፈተናዎችን አውርዶ ሲያለማምድ የሌላውን ድርጅት ወረቀት ይዞ መድከም አለ። ኤኪውኤ ራሱ ሲነርጂ የሚባል በአራት ወረቀት የተዘጋጀ ሌላ ፈተና ስላለው፣ የድርጅቱን ስም ብቻ መጠየቅም አይበቃም።

ውጤቱ የሚሰላው እነዚህን ስድስት ወረቀቶች በመደመር ነው። በትሪሎጂ ስድስት ጊዜ 70 ሲደመር 420 ይሆናል። አንዲት ተማሪ በባዮሎጂ ሁለት ወረቀቶች 89፣ በኬሚስትሪ 84፣ በፊዚክስ 48 አገኘች እንበል፤ ድምሯ 221 ነው። ሌላው ልጅ 74፣ 74 እና 73 ቢያገኝ የእርሱም ድምር 221 ነውና ሁለቱም አንድ ዓይነት ውጤት ይቀበላሉ። የመጀመሪያዋ ልጅ ባዮሎጂና ኬሚስትሪን አሳምራ የምታውቅ፣ ፊዚክስ ላይ ግን የተሰናከለች መሆኗን የውጤት ወረቀቱ አይናገርም። ይህ አሠራር ጥሩም መጥፎም ጎን አለው፤ ደካማውን ትምህርት ጎበዙ ይደጉመዋል፣ ጎበዙን ደግሞ ደካማው ይጎትተዋል። ለየትኛው ደረጃ ስንት ነጥብ እንደሚያስፈልግ ከፈተናው በኋላ በየዓመቱ ስለሚወሰን፣ 221 ዛሬ የሰጠውን ደረጃ በሚቀጥለው ዓመት ላይሰጥ ይችላል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ቢረሳ የማይረሳ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም እርከን ነው። ወላጆች በኮምባይንድና በትሪፕል መካከል ባለው ልዩነት ሲጨነቁ፣ የልጃቸውን መንገድ ይበልጥ የሚወስነው ጉዳይ በጸጥታ ያልፋቸዋል። የሳይንስ ፈተና በሁለት እርከን ይዘጋጃል፤ ፋውንዴሽን እና ሃየር። በፋውንዴሽን የሚፈተን ተማሪ እያንዳንዷን ጥያቄ በትክክል ቢመልስ እንኳ ከ5-5 በላይ ማግኘት አይችልም፤ ጣሪያው እዚያ ላይ ነው። ሃየር ከ4-4 እስከ 9-9 ያሉትን ደረጃዎች ይሰጣል፤ 4-4 ለጥቂት ላመለጠው ተማሪም 4-3 ይፈቀድለታል፣ ከዚያ በታች የወደቀ ግን ዩ ተብሎ ምንም ደረጃ ሳይሰጠው ይቀራል። ትምህርት ቤቶች የሚያመነቱ ልጆችን ወደ ፋውንዴሽን የሚገፉት ይህን ውድቀት ስለሚፈሩ ነው፤ ፍርሃቱም መሠረት የሌለው አይደለም። በሃየር ተፈትኖ ዩ ከማግኘት በፋውንዴሽን 4-4 ማግኘት በእርግጥ ይሻላል።

ችግሩ ውሳኔው የሚደረግበት ጊዜና መንገድ ነው። የፈተና ምዝገባ የሚጠናቀቀው በመጨረሻው ዓመት በፌብሩዋሪ ነው፤ ለወላጅ የሚነገረውም ብዙ ጊዜ ያን ሰሞን ነው። እውነተኛው ውሳኔ ግን ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ ልጁ በየትኛው የክፍል ምድብ እንደሚቀመጥ ሲወሰን ተወስኗል። በሃየር ብቻ የሚጠየቁ ርእሶች አሉ፤ በትሪሎጂ ለምሳሌ በኬሚስትሪ የሞል ስሌት፣ በፊዚክስ ሞመንተምና የፍሌሚንግ የግራ እጅ ሕግ ለሃየር ተማሪዎች ብቻ የተመደቡ ናቸው። በታችኛው ምድብ ሲማር የቆየ ልጅ እነዚህን ስላልተማራቸው፣ ፌብሩዋሪ ላይ «ወደ ሃየር ይዛወርልኝ» ቢባል በወረቀት ይቻላል፣ በተግባር ግን ከባድ ነው። በተጨማሪም ኮምባይንድ ሳይንስ የሚወስድ ተማሪ ስድስቱንም ወረቀት በአንድ እርከን መፈተን አለበት። ባዮሎጂን በሃየር፣ ፊዚክስን በፋውንዴሽን መፈተን የሚቻለው ትሪፕል ለሚወስድ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥያቄው መነሣት ያለበት በ10ኛው የትምህርት ዓመት (ዪር 10) መጀመሪያ፣ ልጁ 14 ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ ወላጆች ከመምህራን ጋር በሚገናኙበት ምሽት ነው፤ ጥያቄውም «ልጄ ጎበዝ ነው ወይ?» ሳይሆን «ይህ ክፍል የሚማረው የየትኛውን እርከን ትምህርት ነው?» የሚል ይሁን። ለመጀመሪያው ጥያቄ መምህራን ሁሉ የሚመልሱት ተመሳሳይ ደግ ቃል አለ።

ትሪፕል ሳይንስን በተመለከተ፣ ልዩነቱ በዋናነት የይዘት ብዛት ነው። ትሪፕል የሚወስድ ተማሪ ሦስት የተለያዩ ጂሲኤስኢ፣ ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ያገኛል፤ በኤኪውኤ እያንዳንዱ ወረቀት 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው። ኮምባይንድ ላይ የሌሉት ርእሶች በባዮሎጂ አንጎል፣ ዓይንና ኩላሊት፣ በኬሚስትሪ የአሞኒያ አሠራር የሆነው የሃበር ሂደትና የታይትሬሽን ስሌት፣ በፊዚክስ ሌንሶች፣ የኒውክሌር ፊሽንና ፊውዥን፣ እንዲሁም ስለ ከዋክብትና ስለ ፀሐይ ሥርዓት የሚያወራው ክፍል ናቸው። ከእነዚህ መካከል ልጆች በጣም የሚወዱት የመጨረሻው ስለሆነ ለአብዛኛው ተማሪ አለመሰጠቱ ያሳዝነኛል። ሁለቱ የሚጋሯቸው ርእሶች ጥልቀት ግን ያን ያህል የሚራራቅ አይደለም፤ የፎቶሲንተሲስ እኩልታ ለትሪፕል ሌላ፣ ለኮምባይንድ ሌላ ሊሆን አይችልም። ሳይንስ የሚወድ፣ ሒሳቡም የማያስቸግረው ልጅ ትሪፕል ቢቀርብለት እንዲወስድ እመክራለሁ፤ ለስም ሲባል ገብቶ ሦስት 5 ይዞ ከሚወጣ ልጅ ይልቅ 7-7 ይዞ የሚወጣው በተሻለ ቦታ ላይ ነው።

ፈተናው እኛ ከለመድነው በጣም የሚለየው በተግባር ሥራ አጠያየቁ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ተቀምጦ የሚሰጥ የተግባር ፈተና የለም፤ ነገር ግን ከነጥቡ ቢያንስ 15 በመቶው ተማሪዎቹ በሁለቱ ዓመታት ውስጥ በሠሯቸው ሙከራዎች ላይ ተመሥርቶ በጽሑፍ ይጠየቃል፤ ቢያንስ 20 በመቶው ደግሞ የሒሳብ ችሎታን የሚፈትን ነው፣ ከዚህም ትልቁን ድርሻ ፊዚክስ ይወስዳል። የፊዚክስ ቀመሮች በ2025፣ በ2026 እና በ2027 ፈተናዎች ከጥያቄው ጋር በወረቀት እንዲሰጡ ስለተወሰነ፣ ቀመር በመሸምደድ ብቻ የሚገኝ ነጥብ ቀንሷል።

ስለ ተግባር ጥያቄው ለማስረዳት ድንች ልውሰድ። ኦስሞሲስን፣ ማለትም ውሃ በሕዋስ ሽፋን በኩል ማለፉን፣ ለማየት ተማሪዎች ከድንች እኩል ቁራጮች ይቆርጡና ይመዝኗቸዋል፣ የስኳሩ መጠን በሚለያይ ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፏቸዋል፣ ከቆዩ በኋላ አውጥተው እንደገና ይመዝናሉ። ፈተናው «ኦስሞሲስ ምንድን ነው?» ብሎ አያቆምም። 2.5 ግራም የነበረው ቁራጭ 2.2 ግራም ሆኗል፤ ለውጡን በመቶኛ አስላ ይላል። 0.3 ለ2.5 ሲካፈል በመቶ ሲባዛ 12 ይሆናል፣ ክብደቱ ስለቀነሰም መልሱ ከዜሮ በታች 12 በመቶ ነው፤ የመቀነስ ምልክቷን የረሳ ነጥብ ሊያጣ ይችላል። ይቀጥልና ለምን በግራም ሳይሆን በመቶኛ ተሰላ ይላል፤ ቁራጮቹ እኩል ተብለው ቢቆረጡም ሲጀመር ክብደታቸው በትክክል እኩል ስላልነበረ ነው። ቁራጮቹ ሁለተኛ ከመመዘናቸው በፊት ለምን በወረቀት ተጠረጉ ይላል፤ ላያቸው ላይ የቀረው ውሃ ሚዛኑን ስለሚያዛባ ነው። ይህን በእጁ የሠራ ልጅ ሳያስብ ይመልሰዋል፣ ትርጉሙን የሸመደደ ልጅ ግን ብዕሩን ይነክሳል። ሙከራው በቤት ውስጥም በአንድ ድንች፣ በስኳርና በወጥ ቤት ሚዛን ሊሞከር ይችላል፤ እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ የማደርገው ይህንን ነው፣ የተረፈው ድንች ደግሞ ለአልጫ ይሆናል።

ከጥያቄዎቹ ፊት የሚመጡት ግሦችም ሊጠኑ ይገባል። ዲስክራይብ ሲል የታየውን እንዳለ ግለጽ ማለት ነው፤ «የስኳሩ መጠን ሲጨምር የድንቹ ክብደት ቀነሰ» ማለት ይበቃል። ኤክስፕሌይን ሲል ምክንያቱን አስረዳ ማለት ነው፤ «ውሃው ከድንቹ ሕዋስ ወደ ውጭ ስለ ወጣ» የሚለው ካልተጨመረ ነጥብ የለም። ሁለቱን ሳይለዩ ገጽ ሙሉ ጽፈው ጥቂት ነጥብ ይዘው የሚወጡ ጎበዝ ልጆች አይቻለሁ።

የቋንቋውም የእርከኑም ጉዳይ በተለይ የሚመለከተው በቤተሰብ ውህደት በ14 እና በ15 ዓመታቸው ከአዲስ አበባ ወይም ከሌላ ከተማ የሚመጡ ልጆችን ነው። እነዚህ ልጆች ሁለተኛ ደረጃ የገቡት ሳይንስን በእንግሊዝኛ መጽሐፍ እየተማሩ ነው፤ ኦስሞሲስና ሞመንተም የሚሉትን ቃላት እዚህ ከተወለዱት እኩል፣ አንዳንዴም በተሻለ ያውቋቸዋል። የሚያስቸግራቸው የክፍል ውስጥ ፈጣን ንግግርና በጥያቄዎቹ ዙሪያ ያለው ተራ እንግሊዝኛ ነው። ነገር ግን የመግቢያ ምዘናው ብዙ ጊዜ ቋንቋን ስለሚለካ፣ ልጁ በታችኛው ምድብ ይቀመጣል፤ ከዚያም ሳይታወቅ የፋውንዴሽን ተማሪ ሆኖ ያገኘዋል፤ በሁለት ዓመት ውስጥ እንግሊዝኛው ሲፈታለት ጣሪያው 5-5 ላይ ተሠርቶ ይጠብቀዋል። እንዲህ ያለ ልጅ ያለው ወላጅ የኢትዮጵያውን የትምህርት ማስረጃ ይዞ ሄዶ የሳይንስ ክፍሉን ኃላፊ ማነጋገር አለበት። የእንግሊዝኛና አማርኛ መዝገበ ቃላት ይዞ መፈተን እንደሚፈቀድም ይጠይቅ፤ መዝገበ ቃላቱ ቃልን በቃል ብቻ የሚተረጉም፣ ማብራሪያና ትርጓሜ የሌለበት መሆን አለበት፣ ልጁም በክፍል ሥራው ሲጠቀምበት የቆየ ሊሆን ይገባል። ይህ በፈተናው ዋዜማ ተጠይቆ የሚገኝ ነገር አይደለም።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ኤ-ሌቭል፣ ማለትም ከ16 እስከ 18 ዓመት ተምረው የሚፈተኑት፣ ነው። ኮምባይንድ ሳይንስ የወሰደ ተማሪ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ ወይም ፊዚክስ በኤ-ሌቭል መማር ይችላል፤ ኤ-ሌቭል የሚሰጥባቸው ሲክስዝ ፎርም የሚባሉት ትምህርት ቤቶች በአብዛኛው የሚጠይቁት 6-6 ወይም 7-7 ነው፣ ለፊዚክስ ደግሞ የሒሳብ ውጤት ያያሉ። ሐኪም መሆን የሚፈልግ ልጅም ኮምባይንድ በመውሰዱ ብቻ መንገዱ አይዘጋበትም፤ የሕክምና ትምህርት ቤቶች በይበልጥ የሚያተኩሩት በኤ-ሌቭል ውጤቶች፣ በተለይም በኬሚስትሪ ላይ ነው። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ለመሆን የሚፈልግ ሰው ደግሞ በእንግሊዝኛና በሒሳብ ላይ በሳይንስም ቢያንስ 4 ሊኖረው ግድ ነው፤ ትልልቅ ሰዎች ዘግይተው ሳይንስ የሚማሩበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ሳይንስን እንደገና ለመፈተን የሚፈልግ ተማሪ የሚቀጥለውን የሜይና የጁን ፈተና መጠበቅ አለበት፤ በኖቬምበር የሚሰጠው ድጋሚ ፈተና ለእንግሊዝኛና ለሒሳብ ብቻ ነው።

ወደ አባትየው ልመለስ። ልጃቸው ሊገባበት የነበረው ሲክስዝ ፎርም ለባዮሎጂና ለኬሚስትሪ 6-6 ይጠይቅ ስለነበር በ6-5 በሩ የተዘጋ መስሏቸው ነበር። በውጤት ወረቀቱ ላይ ባይጻፍም፣ ተማሪው በእያንዳንዱ ወረቀት ስንት ነጥብ እንዳገኘ ትምህርት ቤቱ ማየት ይችላልና ልጁ ይህንኑ እንዲጠይቅ ነገርኳቸው። በዚያው ጠዋት ተመልሶ ሄዶ የስድስቱን ወረቀት ነጥብ አስወጣ፤ ባዮሎጂውና ኬሚስትሪው ጥሩ፣ ሁለቱም የፊዚክስ ወረቀቶች ግን ዝቅ ያሉ ነበሩ። ወረቀቱን ይዞ ሲክስዝ ፎርሙን አነጋገረ፤ ባዮሎጂና ኬሚስትሪ እንዲማርም ፈቀዱለት። አባትየው ማታ ደውለው ፊዚክሱ መገኘቱን ነገሩኝ።